ከአንድ ደቂቃ ዕረፍት በኋላ

ካሚል ቁጢጥ ብሎ፣ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጠው ጀሪካን መወዛወዙን እስኪያቆም ይጠብቅ ነበር። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ፤ ጀሪካኑ ባዶውን አንድ ኪሎ። ቁጥሩ ሃያ አንድ ላይ ሲረጋ መዝገቡን ከፍቶ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፤ ከጎኑም «ልክ ነው» የሚል ምልክት አደረገ። ላለፉት አሥር ሳምንታት በየጠዋቱ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቷል። ማንም አላዘዘውም። ትናንት ልክ የነበረ ሚዛን ዛሬም ልክ ነው ብሎ ማመን አይሆንለትም፣ አልተፈጠረበትም።

ሚዛኑን እንዲህ እየፈተነ ያምነዋል። ራሱን ማመን ካቃተው ግን ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ካርድ አለ። ቅዳሜ ጠዋት የተሞላ፣ በዚያው ቀን ለዶክተር ዴቆ መድረስ የነበረበት፣ ግን ያልደረሰ ካርድ ነው። ከላይ «ኢፍቲን» ይላል። ከስሙ ሥር ክብደት፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ። ከሁሉም በታች፣ በካሚል ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ብቸኛ ቁጥር ተቀምጧል፦ ስምንት።

ሀርጌሳ ውስጥ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ከሚገኙት የግል ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ውስጥ ዶክተር ዴቆ የሚመሩት ጥናት ለማስረዳት አይከብድም። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ይመዘናሉ። ቁመቱ ሠላሳ ሳንቲሜትር በሆነ የእንጨት ሣጥን ላይ ለሦስት ደቂቃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከዚያ ይቀመጡና የልባቸው ምት ወዲያው ይቆጠራል፤ አንድ ደቂቃ አርፈው እንደገና ይቆጠራል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ልብ ከድካሟ ምን ያህል እንደተመለሰች ይናገራል። ልዩነቱ ከአሥራ ሁለት ካነሰ ዶክተሯ ቀይ ብዕራቸውን ያነሳሉ፤ የልብ ሕመም ያሰጋል ማለት ነው። የጥናቱ መዝጋቢ ካሚል ከሁለት መቶ በላይ ካርድ ሞልቷል። ሰውነታቸው የከበደ ልጆች ልብ ቶሎ እንደማይመለስ ቁጥሮቹ ሲነግሩት ሰንብተዋል።

የሴቶቹ አሠራር ግን ለየት ይላል። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ሂና የጠገበ ጥፍር ሲያገኝ አላነብም ስለሚል የሴቶቹ ምት በእጅ ነው የሚቆጠረው። ወንድ ደግሞ የባዳ ሴት አንጓ አይይዝም። ስለዚህ ከመጋረጃው ወዲያ ነርሷ አርዶ የልጅቷን አንጓ ይዛ በየምቱ ጠረጴዛውን በእርሳስ ታንኳኳለች። ከመጋረጃው ወዲህ ካሚል ሰዓቱን ይዞ የእርሳሱን ድምፅ ይቆጥራል። አሥራ አምስት ሰከንድ ይቆጥርና በአራት ያባዛል። አንዲት ኳታ ካመለጠችው አራት ምት አመለጠው ማለት ነው።

ካሚል የኢፍቲንን እጅ ነክቶ አያውቅም። ልቧን ግን እንጨት ላይ ሲመታ ሰምቶታል።

ከደሴ ተነስቶ ሀርጌሳ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። እሷ ሶማሌ ናት፤ ያደገችው ግን ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። እናቷ እዚያው ድሬዳዋ በልብ ሕመም ሲሞቱ፣ ቀድሞውንም አባት ስላልነበራት፣ የአባቷ ወንድም ዓብዲዓዚዝ ወደ ሀርጌሳ አመጧት። አሁን ኮድቡር ሰፈር ከእናቷ እህት ከፋዱሞ ጋር ትኖራለች፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመጀመሪያ ቀን ሚዛኑ ላይ ስትወጣ አርባ ሰባት ኪሎ ነበረች። ካሚል ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ በረንዳ ላይ ሆና ሰምታው ኖሮ፣ ዞር ብላ በአማርኛ፣

«አቦ፣ ከዚያ ጀሪካን በስንት እበልጣለሁ?» አለችው።

«በሃያ ስድስት ኪሎ» አለ ካሚል፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። እሱ ምን እንዳሳቃት የገባው ከሰዓት በኋላ ነው።

ታዲያ ፍቅር መግቢያ ቀዳዳ አያጣም። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የበላውንና የሄደበትን መንገድ የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር ተሰጥቶ ነበር። ሌሎቹ በሶማልኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ኢፍቲን በአማርኛ ጻፈች። «እሑድ። ጠዋት አንድ ላሖህ በሻይ። ምሳ ሩዝ፣ ሦስት ማንኪያ። ማታ ምንም። ከኮድቡር እስከዚህ በእግሬ። እዚህ ቢሮ ይህንን ፊደል የምታነበው አንተ ብቻ ነህ፤ ስለዚህ እውነቱን እጽፋለሁ።» ካሚል ገጹን ደጋግሞ አነበበው፤ ከዚያ ኅዳጉ ላይ በቀይ ብዕር «ማታ ምንም ማለት ምን ማለት ነው? እባክሽ እራትሽን ብይ» ብሎ ጻፈ። ለሴት የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ይኸው ነበር።

በሳምንቱ ደብተሩ ሲመለስ «ማታ ሁለት እንቁላል። ስለታዘዝኩ» የሚል አገኘ። እንዲህ እየተባባሉ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተገላብጦ ነበር፤ ደብዳቤው መሀል ገጹን ይዞ ምግቡ ወደ ኅዳጉ ተገፋ።

ከሰባተኛው ሳምንት ወዲህ ግን ቃላቷ አጠሩ፣ ምግቧ ረዘመ። የግመል ወተት ጠዋትና ማታ፣ ተምር፣ ቅቤ፣ ሙቅማድ። ሚዛኑም ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ስምንት አለ። ባለፈው ሐሙስ ካሚል ሙቅማድ ምን እንደሆነ አርዶን ጠየቃት። አርዶ ጅግጅጋ ስትሠራ አማርኛ ለምዳለች፤ ፊደሉን ባታነበውም አንደበቷ አይጣል ነው።

«ሥጋው ደርቆ፣ ተጠብሶ፣ በቅቤ ተዘፍዝፎ የሚቀመጠው ነዋ! ለሙሽራ!» አለችው። «ዋርያ ካሚል፣ ወተትና ሙቅማድ የሚቀርብላት ልጅ ሙሽራ ናት። አልሰማህም እንዴ? የአጎቷ ወዳጅ ልጅ፣ አዋሌ የሚሉት፣ ረቡዕ ከስዊድን ይገባል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንተ ግን እዚህ ተቀምጠህ ጀሪካን ትመዝናለህ።»

ቅዳሜ ኢፍቲን ስትመጣ ሰላምታዋን በግማሽ አፉ መለሰ። መጋረጃው ተዘጋ። ሦስት ደቂቃ ሣጥኑን ወጣች፣ ወረደች። እርሳሱ ጮኸ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቆጠረ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ጮኸ፤ ሠላሳ ሰባት። ሁለት ጊዜ አራት፣ ስምንት።

ስምንት የሚለውን ሲጽፍ፣ ከሆዱ ጥግ የሆነ ነገር ብድግ ብሎ ደስ አለው። ልቧ ታሞ ከሆነ ማንም ስዊድን አይወስዳት! ወዲያው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ እውነት ሠላሳ ሰባት ቆጥሮ እንደሆነ፣ ወይስ ተመኝቶት እንደሆነ፣ ማወቅ አልቻለም።

ጀሪካኑን ከሚዛኑ አወረደ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር መመዘኛ ቢኖር ኖሮ ራሱ ይወጣበት ነበር።

*

ኢፍቲን የመጣችው ሳትቀጠር ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። አርዶን በሶማልኛ ሰላም ብላ ካበቃች በኋላ ወደ ካሚል ዞረች።

«አንድ ወረቀት እንድትጽፍልኝ ነው የመጣሁት» አለች። «ልቧ ደህና ነው የሚል። ማኅተም ያለው።»

«ለማን?»

«ለአጎቴ፣ ለአዴር ዓብዲዓዚዝ። ዛሬ ከአስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ።»

ካሚል የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። «ለኒካሑ ነው?»

«ለምኑ?»

«ሙሽራ መሆንሽን ሰምቻለሁ። ማሻ አላህ። አላህ ያሳምርልሽ።» ይህንን ሌሊቱን ሁሉ ሲለማመደው ያደረ ነበር። ሲለማመደው ግን ድምፁ እንዲህ አልተንቀጠቀጠም።

ኢፍቲን ወደ አርዶ አየች። አርዶ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«ማን ነው ሙሽራ ነሽ ያለኝ?»

«ደብተርሽ። ወተቱ፣ ቅቤው፣ ሙቅማዱ…»

«አቦ ተው!» አለች ኢፍቲን፤ ዓይኖቿ ሞሉ፤ ንዴት ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም። «ያንን ሁሉ ቅቤ የዋጥኩት ለአዋሌ ነው? እኔ የአዋሌን መልክ እንኳ በፎቶ ነው የማውቀው! ታቅለሸልሸኛለች እኮ ያቺ ወተት፤ አፍንጫዬን ይዤ ነው የምጠጣት! ለአዋሌ ብዬ?»

«ታዲያ ለማን ነው?»

የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች።

«አርባ ሰባት ኪሎ ሳለሁ ለአዴር ስላንተ ነገርኳቸው» አለች። «አልጮሁም። ቢጮሁ ደስ ባለኝ፣ እጣላቸው ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ‹እናትሽም እንዲህ ከስታ ነበር፤ ልቧ መሆኑን ደብቃን ሞተች። አንቺም ታመሻል። የታመመ ሰው የሚናገረው በሽታው ነው። ስዊድን ሐኪም አለ፤ አዋሌም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሂጂና ታከሚ› አሉኝ። እንባቸው መጣ። ለሚያለቅስልህ ሰው ምን ትለዋለህ?»

ካሚል ወንበር ገፋላት፤ አልተቀመጠችም።

«አክስቴ ፋዱሞ ናት ያዳነችኝ። ‹የከሳች ልጅ እገሌን እፈልጋለሁ ብትል ማንም አይሰማትም። ብይ። ሥጋ ልበሺ። ያኔ ፊታቸው ተቀምጠሽ ተናገሪ፤ ጤነኛ ሴት ተናገረች ይባላል› አለችኝ። ይኸው አሥራ አንድ ኪሎ ጨመርኩ። እያንዳንዷ ኩባያ ያንተን ስም ለመጥራት ነበር።»

«ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ምን ብዬ? ‹ላንተ ብዬ እየወፈርኩ ነው› ብዬ? ሰው እንዲህ ይጽፋል? አላፍርም እንዴ!»

አርዶ አፏን በመሐረብ ያዘች። ካሚል ግን መሳቅ አልቻለም፤ ዓይኑ መሳቢያው ላይ ነበር። ኢፍቲንም ዓይኑን ተከትላ አየችው። አሥር ሳምንት ሙሉ ደብተር ስትጽፍለት ዝምታውን ማንበብ ለምዳለች።

«ካሚል? ወረቀቱን አትጽፍልኝም?»

መሳቢያውን ሳበ። ካርዱን አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው። ቆማ አነበበችው። ከአሥራ ሁለት በታች ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ተነግሯቸዋል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ወንበሩን በእጇ እየፈለገች ተቀመጠች።

«እናቴም ደረጃ መሀል ላይ ትቆም ነበር» አለች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «‹ዕቃ ረስቼ ነው› እያለች ቆማ ታስባለች። እኔ እውነት መስሎኝ ተመልሼ ዕቃውን እፈልግ ነበር።»

ካሚል ያቺን ስምንት አያት። ቅዳሜ ሠርግ ታፈርሳለች ብሎ የተደሰተባት ቁጥር፣ ዛሬ ኢፍቲንን ይዛ አውሮፕላን የምታሳፍር ሆነች። በክፋት አይደለም፤ አንድ አጎት የወንድሙን ልጅ ስለወደደ። ክፉ ሰው ቢኖርበት ይሻል ነበር። የሚጠላው ሰው አጥቶ፣ ጥላቻው ሁሉ ወደ ራሱ ተመለሰበት።

*

ከዚያ፣ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ፣ ካርዱን ከላይ ጀምሮ አነበበው። ስም። ዕድሜ። ቁመት። ክብደት። «የመጨረሻ ምግብ የተወሰደበት ሰዓት።»

ከዚህ መስመር ፊት ለፊት ምንም የለም።

ከሁለት መቶ ካርድ በላይ ሲሞላ ይህችን መስመር አንድም ጊዜ ባዶ ትቷት አያውቅም። ሕጉ ተሳታፊው ከፈተናው በፊት ሦስት ሰዓት እንዳይበላ ነው፤ የጠገበ ሆድ ልብን ያደክማልና ቁጥሩ አይታመንም። መስመሯን ለመሙላት መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ካሚል ከኢፍቲን ጋር መነጋገር አልፈለገም።

«ቅዳሜ ጠዋት ምን በላሽ?»

«አሁን ስለ ምግብ ነው የምትጠይቀኝ?»

«እባክሽ። ምን በላሽ? ስንት ሰዓት?»

«ወተት» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሁለት ትልልቅ ኩባያ፣ ከሙቅማድ ጋር። ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ አክስቴ በር ላይ ይዛ ቆማ አላሳልፍም አለችኝ።»

ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሩ ሰው፤ የካሚል ዝምታ ግን በአንድ ቀን ነቀዘ።

«ዛሬስ?»

«ንጋት ላይ ብቻ። ከሱብሒ በኋላ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።»

ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከአሥር። «ሃያ ደቂቃ ጠብቂ» አላት። «ደግመን እንለካለን። ደህና ነሽ ማለቴ አይደለም ኢፍቲን። ያንን አላውቅም። ይህ ቁጥር አይታመንም ነው የምልሽ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

«ደግሞ ቢመጣስ? ስምንት?»

ካርዱን ገልብጦ አስቀመጠው። «እኔ ግን አልቆጥርም» አለ። «ዶክተሯ ይቁጠሩ።»

«ለምን?»

«የምፈልገው ቁጥር አለኝ።»

ሃያውን ደቂቃ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀምጠው አሳለፉት። መሀላቸው አርዶ ተቀምጣ ሳምቡሳ ትበላለች። በመንገዱ ላይ ባጃጆች እየተጯጯሁ ያልፋሉ፤ ከማዶ አንድ ባለሱቅ መግቢያው ላይ ውኃ ይረጫል። ኢፍቲን ሁለት ጣቷን አንገቷ ሥር አድርጋ የራሷን ልብ ታዳምጣለች። ካሚል አየና «ተይ፣ አትስሚው» አለ በቀስታ።

«ሰውዬ፣ እሷ መስማቷን ትተው፤ አንተ መተንፈስ ጀምር» አለችው አርዶ። «ሁለት የፈራ ሰው መሀል ተቀምጬ ሳምቡሳው ራሱ አልወርድ አለኝ።» ይህንን ብላም ሦስተኛውን አነሳች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ዴቆ መነጽራቸውን እየጠረጉ መጡ። ካሚል የሆነውን በአጭሩ ነገራቸው፤ ባዶዋን መስመር አሳያቸው። ዶክተሯ ካርዱን አይተው፣ ልጁን አይተው፣ ሰዓቱን ከእጁ ተቀበሉት። በሩ ተዘጋ።

ካሚል ከመስኮቱ ሥር ቆመ። ላለመስማት ቆርጦ ነበር፤ እግሩ ግን አልንቀሳቀስ አለው። ሣጥኑ ላይ የምትወጣበት የጫማዋ ድምፅ ይሰማል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ሦስት ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብሎ አስቦ አያውቅም። ድምፁ ቆመ። እርሳሱ ጀመረ።

ጣቶቹ ሱሪው ላይ በራሳቸው ቆጠሩ። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት። ቆመ።

አሁን ያቺ ደቂቃ መጣች። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማንም እንዳይናገር ነው ሕጉ፤ ተሳታፊዋም፣ ነርሷም፣ መዝጋቢውም። ሌላ ጊዜ ካሚል ይህችን ደቂቃ ይወዳት ነበር፤ ከኢፍቲን ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሐሜት ዝም የሚሉባት ደቂቃ እሷ ብቻ ነበረች። ዛሬ ግን ግድግዳው መሀላቸው ነው። ዓይኑን ጨፈነ። ያረቢ፣ አለ በሆዱ፣ ለእኔ ብለህ አይደለም። ለእኔ ብለህ አታድርገው። እኔ ተደስቼበታለሁ። ለእሷ ብለህ።

እርሳሱ እንደገና ጀመረ። በመጀመሪያ ፈጣን መሰለው። ከዚያ የሁለቱ ኳታዎች መሀል ቀስ በቀስ ሰፋ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት።

ቆመ።

ዶክተሯ በሩን ሲከፍቱ ካሚል ቀድሞ «ሃያ» አለ።

«ሠላሳ ስምንትና ሠላሳ ሦስት፤ አዎ፣ ሃያ» አሉ ዶክተር ዴቆ። ከዚያ በመነጽራቸው አናት አዩት። «አንተ አልቆጥርም ብለኸኝ አልነበር?»

«ዶክተር፣ ይተዉት» አለች አርዶ ከውስጥ። «እሱ ደሴ ሆኖም ይቆጥራታል።»

ኢፍቲን መጋረጃውን ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ላብ አለ፤ ትንፋሿ ገና አልሰከነም። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። እናቷ ያንን ደረጃ እስከ ላይ ወጥተው ሲጨርሱ ያየች ትመስል ነበር።

*

«ያኛውን ቅደደው» አለች አርዶ።

«አይቀደድም» አለ ካሚል።

ወረቀቱን እንደ ቢሮው ልማድ በእንግሊዝኛ ጻፈው። የቅዳሜውን ስምንት ጻፈ፤ የዛሬውን ሃያ ጻፈ። ክብደቷ ለቁመቷ ልክ መሆኑን ጻፈ። በመጨረሻም፣ የመጀመሪያው ፈተና ሊታመን የማይችለው መዝጋቢው መጠየቅ ያለበትን ሳይጠይቅ በመቅረቱ መሆኑን፣ ስህተቱም የመዝጋቢው እንጂ የተሳታፊዋ አለመሆኑን ጽፎ ሙሉ ስሙን ከሥሩ አኖረ። ዶክተሯ ፈርመው ማኅተሙን መቱና ወጡ።

ኢፍቲን አነበበችው። «ስምህን ለምን ጻፍክ? አዴር ያዩታል እኮ። መጀመሪያ ስለ አንተ የሚሰሙት ጥፋትህን ይሆናል።»

«እናትሽ ደብቃን ሞተች ብለዋል አላልሽም? የተደበቀ ነገር ቤታችሁ እንዲገባ አልፈልግም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተች። እንድትሄድ ቢፈቅድ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ካሚል ግን ካርዱን ሙሉ ሳያደርግ የሚያስረክብ ሰው አይደለም።

«ሌላም አለ» አለ። «ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩት።»

አርዶ ምን እንዳየች አይታወቅም፤ ሳምቡሳዋን ይዛ ወደ በሩ ራቅ አለች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ አጠገቡ ቆመች።

«ቅዳሜ ስምንት ብዬ ስጽፍ ደስ አለኝ።»

«ምን?»

«ሠርጉ ይፈርሳል ብዬ። ደስ አለኝ።»

በረንዳው ላይ የሚሄዱ ተማሪዎች ሳቅ ገብቶ ወጣ። ኢፍቲን ፖስታውን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ልቤ ታመመ ብለህ ደስ አለህ?»

«አዎ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ካሚል አሰበ። ይህንን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠየቅ ይቅርታ ይለምን ነበር። እሱ ግን በእውነት አሰበ፤ ቅዳሜን መልሶ በሆዱ ሰፈረው።

«ሁለት ሰከንድ» አለ። «ቢበዛ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስከ ዛሬ።»

አየችው። ሲያዩት ዓይኑን ይሰብር የነበረው ካሚል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰበረም። በዚያ እይታዋ ውስጥ ይቅርታ ፈለገ፤ ነበረ ለማለት አይደፍርም፣ አልነበረም ለማለትም ልቡ አልቻለም። ከዚያ ሻርፗን አስተካከለችና፣ በአርዶ አጠገብ አልፋ ሄደች።

አርዶ ከበሩ ሆና «አንተ ልጅ» አለችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፌዝ። «ሰው እኮ እንዲህ ያለውን ነገር ይዞት ይሞታል።»

«አውቃለሁ» አለ ካሚል። ደረቱ ቀሎት ነበር፤ ቅልልነቱ ግን ቤት ከተዘረፈ በኋላ እንደሚሰማው ዓይነት ነበር።

*

አስር ሰላትን በሰፈሩ መስጊድ ሰግዶ ወደ ተከራያት ክፍል ተመለሰ። ተኝቶ መጠበቅ አልቻለም፤ ቆሞም አልሆነለትም። በመጨረሻ ግማሽ ኪሎ ምስር ትሪ ላይ አፈሰሰና በሩ ላይ ተቀምጦ ይለቅም ጀመር። ጠጠሩን ወደ ግራ፣ ምስሩን ወደ ቀኝ። ስልኩን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱ አጠገብ አኑሮታል።

አሁን ተቀምጠዋል፣ ይላል በሆዱ። አሁን ሻይ ቀርቧል። አሁን ስዊድንን አነሱ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብላ ትታየዋለች። ስሙን ልትጠራ አሥራ አንድ ኪሎ የቆለለች ልጅ፣ ልክ አፏን ስትከፍት ያቺን ሦስት ሰከንድ ብታስታውስስ? ብትተወውስ? ሰው ይህንን ሰምቶ ቢተወው፣ ማን ይፈርድበታል? አንድ ምስር ከጠጠሩ ጋር ጣለ። ፈልጎ መለሰው።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው አላነሳውም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

«አዴር ወረቀቱን ወደ ሶማልኛ እየመለስኩ እንዳነብላቸው አደረጉኝ» ይላል። «‹ስህተቱ የመዝጋቢው ነው› የሚለው ጋ ስደርስ ‹ድገሚው› አሉ። ደገምኩት። ‹ይህ መዝጋቢ ማነው?› አሉ። ስምህን ተናገርኩ። አልተንተባተብኩም። ‹ያ የነገርሽኝ ልጅ ነው?› አሉ። አዎ አልኩ። ሻያቸውን ሳይነኩት ቀዘቀዘ። ከዚያ ‹አዋሌን ነገ እኔው ተቀብዬ እነግረዋለሁ› አሉ። ‹ልጁ ሰው አለው?› አሉ። አባቱ ደሴ ናቸው አልኩ። ‹ደሴ ሩቅ ነው› አሉ። ‹እንግዲያው ከአሁኑ ይነሱ።›»

ካሚል ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለተኛውን መልእክት ያየው በሦስተኛው ንባብ ነው።

«ስለ ሦስቱ ሰከንድ ግን ገና አልጨረስንም። ሳገኝህ እጣላሃለሁ። ደብተር ላይ ሳይሆን በአፌ።»

ጀርባውን በሩ መቃን ላይ አስደገፈ። አባቱ ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ከደሴ ርቀው የሄዱት አንድ ጊዜ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ነው። ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ድንበር፣ ከዚያ ወዲህ፤ ስንት ቀን ይሆናል? ጉልበታቸው ይችላል? ሶማሌ ናት ሲላቸው ምን ይሉ ይሆን? እናቱስ? አንዱ ፍርሃት ከቤቱ ሳይወጣ ሌላው ጫማውን አውልቆ ገብቷል። ይሁን እንጂ ይህኛው ፍርሃት መንገድ አለው፤ አውቶቡስ የሚሄድበት መንገድ።

የአባቱን ቁጥር አወጣ። አሁኑኑ ቢደውል ግን ድምፁን ሰምተው ሰው የሞተ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ምስሩ ይለቀም።

ትሪው ላይ አንድ እፍኝ ያህል ቀርቶ ነበር። ስልኩን መልሶ አስቀመጠና ጎንበስ አለ። አንድ ጠጠር አወጣ፣ ሁለተኛ፣ አንድ የገብስ ፍሬ። ትሪውን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ በጣቱ አሰስ አደረገው፤ ምስር ብቻ ነው። ምስሩን ድስቱ ውስጥ ገለበጠ፣ ከደነው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠውና ስልኩን አነሳ።